የመዛኙ ልጅ

በሙአለ ሕፃናቱ ሁሉም «ሚዛን» ይሉታል። ቅጽል ስሙን ያወጡለት አስተማሪዎቹ ናቸው፤ እሱም አልጠላውም። ለዓመታት ትንንሾቹን ሲያስተምር ኖሮ፣ በኋላ አስተማሪዎች ልጆችን እንዴት አይተው እንደሚመዝኑ የሚያሠለጥን ሆነ። ልጅ በኩብ ሲጫወት፣ ወረቀት ሲቆርጥ፣ ሥዕል አይቶ ሲተርክ፣ ከጓደኛው ጋር ሲጣላና ሲታረቅ ጥግ ይዞ ማየት፣ ያዩትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ መጻፍ፣ ከዚያ ልጁ የቱ ላይ እንደደረሰና ምን እንደሚያስፈልገው መረዳት፤ ሥራው ይኼ ነው። «ያየሽውን ጻፊ፤ የገመትሽውን ማታ ለባልሽ አውሪው» ይላል ሁልጊዜ። እነሱ ይስቃሉ፣ እሱ አይስቅም።

በሥራው ቀልድ አያውቅም። አንዲት አዲስ አስተማሪ፣ የምትመዝነው ሕፃን መልስ ሲጠፋበት አንጀቷ አልችል ብሎ «ሦስት በል» ብላ በጆሮው ሹክ ያለችው ጊዜ፣ በሁሉም ፊት «የረዳሽው መስሎሻል፤ የሰረቅሽው ግን እሱኑ ነው» ብሏታል። ያን ቀን ምሳዋን ሳትበላ ዋለች።

እንግዲህ የዚህ ሰው ልጅ ናት ወደዚያው ሙአለ ሕፃናት የገባችው። አምስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ ዓይኗ ትልልቅ፣ አንደበቷ ቁጥብ። ቤትም ቢሆን ከእናቷ ጋር እንጂ ከሱ ጋር ብዙ አታወራም። አንድ ጠዋት በር ላይ አንዲት ወላጅ ሰላም ብላት መልስ ስታጣ፣ «የሚዛን ልጅ አይደለችም እንዴ? ታዲያ ምነው ዝም አለች?» አለች። ሴትየዋ ክፋት አልነበረባትም። እሱን ግን እንደ እሾህ ወጋው። በልጁ አፈረ። ማፈሩንም ለራሱ አላመነም፤ «አሳስባኝ ነው» አለ።

አዲስ የገቡ ልጆች ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይታያሉ። ወላጅ የገዛ ልጁን ስለማይመዝን፣ የሱን ልጅ አንጋፋዋ አስተማሪ እንድታይ ተወሰነ። ልጆቹም ባልደረቦቿም «እትዬ» ነው የሚሏት። ሚዛን ይኼን እንደሰማ ከዕቃ ክፍሉ ልጆች የሚመዘኑባቸውን የሥዕል ካርዶችና የኩቦቹን ከረጢት ቦርሳው ውስጥ ከትቶ ወደ ቤቱ ወሰደ።

ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ናት። ሳሎን ጥግ የስፌት መኪናዋ ላይ ሆና ሁሉንም ትሰማለች።

«እዚህ ሥዕል ላይ ውሻው ምን አደረገ?»

ልጅቷ ሥዕሉን ትታ እሱን አየችው።

«ኳሱን ወሰደ። በይ፣ ኳሱን…»

«ኳሱን ወሰደ።»

«ከዚያስ? እኔን አትዪኝ፣ ሥዕሉን እዪ።»

መኪናው ቆመ። «ምን እያደረግካት ነው?» አለች ባለቤቱ።

«እየተጫወትን ነዋ።»

«ጨዋታ ከሆነ ምን ያስቆጣሃል?»

ካርዶቹን ሰበሰበ። በማግስቱ ግን ያንኑ ደገመው፤ ከዚያም ወዲያ። ሰማያዊው ኩብ ከታች፣ ቀዩ ከላይ። ልጅቷ ታዛዥ ናት፣ ያሏትን ትይዛለች። አንድ ኩብ ባነሳች ቁጥር ቀና ብላ «ልክ ነው?» ማለት ስትጀምር፣ ደስ አለው እንጂ አልደነገጠም።

ከምትታይበት ቀን በፊት ካርዶቹንና ኩቦቹን ወደ ዕቃ ክፍሉ መለሰ። በዕለቱ እሱ ክፍሉ ውስጥ ምንም ሥራ አልነበረውም። የመደርደሪያው ብሎን ላልቷል ብሎ ካቻቪቴ ይዞ ገባ። እትዬ አይታው ወደ ካርዶቿ ተመለሰች።

ምንጣፉ ላይ ከልጅቷ አጠገብ ተቀምጣ የመጀመሪያውን ካርድ ከመግለጧ፣ ልጅቷ በአንድ ትንፋሽ «ውሻው ኳሱን ወሰደ፣ ልጁ አለቀሰ፣ እናቱ መጣች፣ ኳሱን መለሰችለት» ብላ ወደ መደርደሪያው ዞረች። ካርዱ ላይ ገና ውሻው ብቻ ነው ያለው።

«እሺ የኔ እመቤት» አለች እትዬ ረጋ ብላ። «ውሻው ግን ኳሱን ለምን የወሰደው ይመስልሻል?»

ልጅቷ አሰበች። «እሱን አባዬ አላስጠናኝም።»

ካቻቪቴው ከብሎኑ ላይ አዳለጠው።

ኩቦቹ ሲመጡ የባሰ ሆነ። አጠገቧ ያለችው ሕፃን «የዝሆን ቤት ነው» እያለች ቀዩን ከታች አድርጋ ትክብ ነበር። የሱ ልጅ እጇን ሰዳ አፈረሰችው። «ተሳስተሻል፣ ሰማያዊው ነው ከታች።» ያቺ ልቅሶዋን ለቀቀችው። የሱ ልጅ ግን ወደ እሱ ዞራ፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ፣ «ልክ ነው አባዬ?» አለች።

ፊቱ ፍም መሰለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። የላላ ነገር እንደሚፈልግ ሰው ጭንቅላቱን መደርደሪያው ውስጥ ከትቶ ቆየ።

ልጆቹ ወደ ቤታቸው ከሄዱ በኋላ ካርዶቹን ከክፍሉ ሰብስቦ ወደ ዕቃ ክፍል ሲመልስ እትዬ እዚያው ቀለም ስትደረድር አገኛት።

«እትዬ፣ እንግዲህ ምን እላለሁ…»

«ምንም አትበል። ያየሁትን ብቻ ልንገርህ፤ የገመትኩትን እንዳላወራው ባል የለኝም።» ቀለሙን አስቀመጠች። «ልጅህ አንተን ሳታይ አንድ ነገር አታነሳም። ትናንት አንተ ሳትኖር ግን ጫማዋን አውልቃ አውቶቡስ አደረገችው። ኩቦቹ ተሳፋሪ ናቸው። እኔ ጠጋ ስል፣ ‹ቀስ በይ፣ ሹፌሩ ተኝቷል› ብላ ተቆጣችኝ። ማውራት ከጀመረች ማን ያስቆማታል?»

«የኔ ልጅ?»

«ያንተዋ።»

ስንቱን የሰው ልጅ ጥግ ይዞ አይቷል። የራሱን ልጅ አንድ ቀን እንኳ ስትጫወት ቁጭ ብሎ አላያትም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኼው ነው። እስከዚያች ሰዓት በልጁ ነበር የሚያፍረው፤ አሁን በልጁ ማፈሩ አሳፈረው።

በቀጣዩ የአስተማሪዎች ስብሰባ ላይ ማንም ሳይጠይቀው ተነሣ። «ካርዶቹን ቤት ወስጄ ልጄን አስጠንቻታለሁ። ስለሷ የተጻፈው አይያዝ» ብሎ ተቀመጠ። ያቺ በሁሉም ፊት የዘለፋት ወጣት አስተማሪ ፈገግ ትላለች ብሎ ጠብቆ ነበር። እሷ ግን ለሱ አፍራ መሬት መሬት ታያለች። ይኼ ከሳቅ ባሰበት። ሲወጡ ኮሪደሩ ላይ ደረሰባት።

«ያን ቀን በሰው ፊት የተናገርኩሽ…»

«ተረስቷል ጋሼ» አለች። ግን እርምጃዋን አፈጠነች።

ርዕሰ መምህርቷ ሥልጠናውን ለጊዜው ለሌላ ሰጥታ እሱን የትንንሾቹ ክፍል ረዳት አደረገችው። ቅር አላለውም፤ እንዲያውም ሰው በኮሪደር ሲያልፍ ዓይን ለዓይን ከመተያየት ጎንበስ ብሎ የሕፃናት ጫማ ማሰር ቀለለው። ከወራት በኋላ እትዬ ልጅቷን እንደገና በሌላ ሥዕል አየቻት። ብዙ ሰው መሀል ትፈራለች፤ በጨዋታ ግን ሐሳቧ ሩቅ ይሄዳል። ስለዚህ ከሁለት ልጆች ጋር ብቻ ማዕድ ቤት መስሎ በተሠራው የመጫወቻ ጥግ እንድትጫወት አደረገቻት፤ ቀስ በቀስ ድምፅዋ ይሰማ ጀመር።

ቤት ውስጥ «ልክ ነው?» የምትለው እየቀነሰ ሄደ እንጂ አልጠፋም። አንድ አመሻሽ ሚዛን ከሥራ ሲገባ ሳሎን ውስጥ ወሬ ሰማ። ልጁ ባዶ የክር ጥቅሎችን ከመኪናው ሥር ደርድራ ሠርግ ታደርጋለች፤ አንዱን ጥቅል ሙሽራ ብላ፣ ሌላውን ዘግይቶ የመጣ አጎት ብላ ትቆጣዋለች። እናቷ እየሰፋች ትስቃለች። በሩን ገፋ አደረገው። ልጅቷ አየችው፤ ሠርጉን ትታ ጥቅሎቹን በመስመር ማስተካከል ጀመረች።

«ምን ረሳሁ መሰላችሁ፣ ዳቦ» አለ። ጫማውን ሳያወልቅ ተመልሶ ወጣ፤ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ፣ ውስጥ ወሬው እስኪቀጥል ጠበቀ።