በየሩብ ሰዓቱ

የታሰርንበት ክፍል ድሮ የሲሚንቶ መጋዘን ነበር። በየጥጉ የቀረው ሲሚንቶ ሲረገጥ ይቦናል። በሩ ቆርቆሮ ነው። ከመርማሪው ቢሮ የሚለየን ስስ ኮምፖርሳቶ ስለሆነ ሰውየው ሲያስነጥስ እንኳ ይሰማናል። ዐሥራ አራት ነበርን።

የተያዝኩት ቡራዩ ላይ ከታክሲ ስወርድ ነው። ፈታሹ ቦርሳዬን ከፍቶ አንቴና ያለው ሳጥን አገኘ፤ በቃ፣ አለቀ። ሥራዬ ኔትወርክ ነው። እንዲህ ያለው ሳጥን ሰው በሌለበት ቦታ መስመሩን፣ መብራቱንና ሙቀቱን ይጠብቃል። አንድ ነገር ሲበላሽ ስልኬ ላይ መልእክት ይልካል፤ "አይቻለሁ" ብዬ እስክመልስለት ድረስም በየሩብ ሰዓቱ ይደግማል። እንዲህ አድርጌ ያስተካከልኩት ራሴ ነኝ።

"መልእክቱን ለምን በሚስጥር ቁልፍ ቆለፍከው?" አለኝ መርማሪው።

"ሌላ ሰው ገብቶ እንዳያበላሸው ነው።"

"የሚደብቀው ነገር የሌለው ሰው አይቆልፍም።"

የራሱ ጠረጴዛ መሳቢያ ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ስልኬንም እዚያው ቆልፎበታል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስልኬ መሳቢያው ውስጥ ጮኸ። ድምፁን ዐወቅኩት። በገፈርሳ በኩል ካለች ትንሽ ጤና ጣቢያ፣ ከክትባት ፍሪጁ የሚመጣ ነው። ፍሪጁ ከስምንት ዲግሪ በላይ ከሞቀ ክትባቱ ይበላሻል። መልእክቱ ደግሞ የሚደርሰው ለእኔ ብቻ ነው። ነርሷ "የእኔንም ቁጥር አስገባው እንጂ ወንድሜ" ብላኝ ነበር። እኔ እበቃለሁ ብዬ ተውኩት። ዛሬም ያንገበግበኛል።

በሩን ደበደብኩ። "ክትባት እየተበላሸ ነው! ለነርሷ ደውሉላት! ቁጥሯን በቃሌ ዐውቀዋለሁ!"

"ለማን ምልክት ልትሰጥ ነው?" አለ መርማሪው ከማዶ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ስልኩ እንደገና ሲጮህ ድምፁን አጠፋው።

እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። እኔን ይሰሩኝ፤ ሕፃናቱ ምን አደረጓቸው?

አጠገቤ አንድ አዛውንት ገበሬ ነበሩ። ሁላችንም በአክብሮት "ኦቦ" እያልን ነው የምንጠራቸው።

"ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ያ ሳጥንህ ስንት ጊዜ ነው የሚጮኸው?" አሉኝ።

"ሰው እስኪመልስለት ነው ኦቦ። በየሩብ ሰዓቱ።"

"ታዲያ እኛ ከሳጥን እናንሳለን?" ከአንገታቸው መቁጠሪያቸውን አወለቁ። "ይህን አምስቴ ስጨርሰው ሩብ ሰዓት ይሞላል። ያኔ ትነሳላችሁ።"

ሲሞላ ዐሥራ አራታችንም ተነስተን ቆርቆሮውን መታን። "ፍሪጁ! ደውሉ!" ከዚያ ቁጭ። ደግሞ ሲሞላ ብድግ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የኦቦን ጣት ያያል። መርማሪው መጥቶ ዘበኛውን "ውሃ እንዳታስገባላቸው" አለው። የኦቦ ጣት ግን አላቆመም።

ከቀትር በኋላ ፈረቃ ተቀየረ። አዲሱ ዘበኛ በበሩ ቀዳዳ "የምን ፍሪጅ ነው የምትሉት?" አለ። ነገርኩት። ግራና ቀኝ አይቶ በራሱ ስልክ ለነርሷ ደወለ። ነርሷ ሄዳ አየች። ዐሥራ ስድስት ዲግሪ ደርሷል። ያለው ክትባት ሁሉ ተጣለ።

በማግስቱ መርማሪው ሁለት ወረቀት አቀረበልኝ። አንዱ "ሚስጥራዊ መልእክት ተቀብያለሁ" ይላል፤ ሁለተኛው "እስረኞችን አስተባብሬ ረብሻለሁ"። የመጀመሪያውን ሳልፈርም መለስኩለት። ሁለተኛው ላይ "ለክትባት ፍሪጅ፣ በየሩብ ሰዓቱ" ብዬ ጨምሬ ፈረምኩ። ለምስክርነት የተጠሩት ኦቦ ወረቀቱን አስነብበው ሰሙና "ይሄ ውሸት አለበት" አሉ። "ያስተባበርኩት እኔ ነኝ።" ከፊርማዬ ሥር አውራ ጣታቸውን አተሙ። ለሁለታችንም ሁለት ሳምንት ጨመሩልን።

ስንፈታ ነርሷ ዘንድ ሄድኩ። በክትባቱ ቀን ልጆቻቸውን አዝለው የመጡትን እናቶች ከበር መልሳለች። አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። መርማሪው እዚያው ወንበሩ ላይ እንዳለ ሰምቻለሁ። ይቅርታ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም ይቅር አላልኩም።

አሁን የፍሪጁ መልእክት ለሦስት ስልኮች ይሄዳል። የነርሷ ቁጥር አንደኛ ነው፣ የእኔ ሁለተኛ። ሦስተኛው የኦቦ ነው፤ ካላስገባኸኝ ብለው ሙጭጭ አሉ። ማንበብ አይችሉም፣ ድምፁን ግን በኮምፖርሳቶው በኩል ለምደውታል። ባለፈው ሳምንት መብራት ሲጠፋ መልእክቱን አንብቤ ሳልጨርስ ስልኬ ጠራ።

"ኢልመ ኮ፣ ተነሳ እንጂ!" አሉኝ። "ፍሪጁ!"