ሰሎሜ የሌለችበት ስደት

ልጅ ሳለሁ ተረት የምሰማው ሮም ውስጥ፣ ኤስኲሊኖ ሰፈር፣ በአንዲት ሲኞራ ቤት ኮሪደር ላይ በካውያ እንፋሎት መሀል ነበር። እናቴ ሌላ ቤት ስለምትሠራ ከትምህርት ቤት ስወጣ የምቆየው አክስቷ እማማ አልማዝ ዘንድ ነው። እማማ አልማዝ የሲኞራዋን ቤት ሃያ ሁለት ዓመት አጽድተዋል፤ የሚኖሩትም እዚያው ከኩሽናው ጀርባ ነበር። ፔርሜሷቸው፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸው፣ የሚታደሰው በዚያ አድራሻ ነው።

ኮሪደሩ ላይ፣ ከትንሽ መብራት ሥር፣ ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት በመዳብ ላይ ተፈልፍሎ በወረቀት የታተመ ስዕል ተሰቅሏል። ማርያም ሕፃኑን ታቅፋ በአህያ ወደ ግብፅ ስትሰደድ፣ ዮሴፍ ከፊት ሲመራ ያሳያል። እማማ አልማዝ አንሶላ እየተኮሱ መንገዱን ይተርኩልኝ ነበር፤ ሽፍቶቹን፣ ውሃ የከለከሉትን ሰዎች፣ በረሃውን። ያኔ ከካውያው የሚወጣው እንፋሎት የሲና አቧራ ይመስለኝ ነበር። በጽጌ ጾም ሰሞን ግን ስዕሉን እያዩ ይናደዳሉ።

«አብራቸው የተሰደደችውን ሰሎሜን የት ጣሏት? ጓዙን ማን ተሸከመ? የሕፃኑን ጨርቅ ማን አጠበ? አየህ አይደል፣ የሠራተኛ ነገር!»

አንድ ቀን መስታወቱን ሊወለውሉ ፍሬሙን ፈትተው ስዕሉን ጠረጴዛ ላይ ተዉት። እኔም የሰባት ዓመት ልጅ፣ ደስ ይበላቸው ብዬ፣ ከአህያዋ ኋላ ሰሎሜን በእርሳስ ሣልኳት።

«ማነው ይህን ያደረገው?» አለች ሲኞራዋ።

እማማ አልማዝ ከፊቴ ቆሙ። «እኔ ነኝ ሲኞራ።»

ሲኞራዋ ጣቴ ላይ ያለውን የእርሳስ ጥቁረት አይታለች። ግን የእማማ አልማዝ ጉልበት በዚያ ክረምት ደክሟል፤ በቦታቸው የምትገባ ወጣት ሠራተኛም ሁለቴ መጥታ ቤቱን አይታ ሄዳለች። «ቫ ቤኔ፣ እሺ፤ አንቺ ከሆንሽ እስከ እሑድ ልቀቂ» አለቻቸው። ውሸቱ ተመቻት።

አድራሻ የሌለው ሰው ፔርሜሶ አይታደስለትም። እማማ አልማዝ ከሰው ሶፋ ወደ ሰው ሶፋ ሲዞሩ ኖረው ሮም ዳርቻ፣ ፖንቴ ማሞሎ፣ ወዳጃቸው ቤት ሞቱ። አንድም ቀን «በአንተ ምክንያት» አላሉኝም።

እኔ የሥነ ጥበብ ታሪክ ተማርኩ። ባለፈው ዓመት የሲኞራዋ ልጅ ደወለችልኝ፤ እናቷ ሞታለች፣ ስዕሉን ልትሸጠው ነው፣ የባለሙያ መግለጫ ትፈልጋለች። የማን ልጅ እንደሆንኩ አላወቀችም።

«አሎራ ዶቶሬ፣ ‹በሠራተኛ የተበላሸ› ብለው ይጻፉልኝ» አለችኝ። እኔን «ዶክተር» ብላ፣ በአንቱታ!

መብራቱን አስጠጋሁ። እርሳሱ ተፍቋል። የሰባት ዓመት ልጅ ግን ሲሥል አጥብቆ ይጫናል፤ ራሷ ላይ ጓዝ የተሸከመች ሴት ወረቀቱ ላይ ጎድጉዳ ቀርታለች። ያየሁትን ጻፍኩ፤ «ማርያም፣ ሕፃኑ፣ ዮሴፍ፣ ሰሎሜ። ሰሎሜ ተፍቃለች።» ፈረምኩበት። ሴትዮዋ መግለጫውን ቀዳድዳ ጣለችው።

ከእነዚያ ቀናት ጆሮዬ ላይ የቀረው «እኔ ነኝ ሲኞራ» የሚለው ድምፅ ነው። ሰሎሜን ማን እንደሣላት ግን መግለጫው ላይ አልጻፍኩም። ያኔ ከኋላቸው ተሸሽጌ ዝም አልኩ፤ ዶቶሬ ከተባልኩ በኋላም ዝም አልኩ።