ለሰባተኛዋ ሚዜ ጨርቅ ፍለጋ፦ ከመርካቶ እስከ አሊዩ አምባ

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ጠባብ ሱቅና ሁለት የስፌት መኪና አለኝ። ድሮ ደንበኛ የሚመጣው ጨርቅ ይዞ ነበር፤ ዛሬ ግን ስልክ ይዞ ይመጣና "እንደዚህ!" ይለኛል። ዘንድሮ "እንደዚህ" ከተባልኩት ግማሹ አንድ ቀለም ነው። የወንድሜ ልጅ ሜሮን "ቴራኮታ" ትለዋለች፤ መርካቶ ደግሞ "ሸክላ"። ለማታውቁት፣ ዝናብ የነካው አዲስ ጡብ አስቡ፤ እሱ ነው።

ሜሮን ደብረ ብርሃን መምህርት ናት፤ እዚያው ልታገባ ነው። ስድስቱን ሚዜዎቿን በዚህ ሸክላ አልብሼ ጨረስኩ ብዬ እግሬን በዘረጋሁ ማግስት ደወለች።

"አክስቴ፣ ሰባተኛ አለች።"

"ከየት መጣች?"

ትዕግስት የምትባል ጓደኛዋ ናት። ከሆሳዕና ለፋብሪካ ሥራ ደብረ ብርሃን የመጣች፣ ከሜሮን ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ዓመታት የኖረች ልጅ። ፈረቃዋ ከሠርጉ ቀን ጋር አልገጥም ብሎ ቀርታ ነበር፤ አሁን ተቀያይራ ቀኑን አግኝታለች። "ጨርቅ ከጠፋ አትጨነቁ፣ ከኋላ እቀመጣለሁ ብላለች" አለችኝ ሜሮን። "እሷ ከኋላ ከተቀመጠች እኔ ከፊት ምን እሠራለሁ?"

መርካቶን አሰስኩት። የለም! ጅምላ ሻጭ ደንበኛዬ ራሱን ነቀነቀ። "እትዬ፣ ሸክላ ካለቀ ቆየ። የመጨረሻዎቹን ጣቃዎች የአሊዩ አምባ ነጋዴዎች ናቸው የወሰዱት።"

"አሊዩ አምባ? ከአንኮበር በታች ያለው? እዚያ ለማን ነው የሚሸጡት?"

"እኛንም ይገርመናል። ሁልጊዜ ከእናንተ በፊት ይመጣሉ።"

ስልክ ሰጠኝ፤ ሐዋ የምትባል ነጋዴ ናት። ደወልኩላት። "ቀለም በስልክ አይታመንም" አለችኝ ገና ሰላምታ ሳንጨርስ። "መጥተሽ እዪው። ከሠርጋችሁ በፊት የሚውለው ገበያ ከነገ ወዲያ ነው፤ ያ ካለፈሽ አለፈሽ።" ከስድስቱ ቀሚስ የተረፈች ቁራጭ ለናሙና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ተነሳሁ።

ወደ ደብረ ብርሃን

ከላምበረት በሚኒባስ ወጣን። ሰንዳፋን፣ አለልቱን አልፈን ሸኖ ስንደርስ ቅቤ የያዙ ሴቶች መስኮቱን ከበቡት። ከእነሱ አንዷ ቅቤዋ ላይ የስልክ መክፈያ ቁጥሯን በካርቶን ጽፋ ሰክታለች! ተሳፋሪው ስልኩን ብድግ አድርጎ ይከፍላል፣ ቅቤው በመስኮት ይገባል፤ ብር የሚባል ነገር ከኪስ አልወጣም። እኔ ኋላ ቀሯ ግን ድፍን ብር ይዤ መልስ አጡልኝ።

አጠገቤ ጋቢ የደረቡ አባት ተቀምጠዋል። ክንዳቸውን ሲያወጡ ጥቁር ዘመናዊ ሰዓት ብልጭ አለ።

"ልጄ ላከልኝ" አሉ ሳየው አይተውኝ። "ልቤ እንዴት እንደሚመታ ይናገራል።"

"ምን ይጠቅምዎታል?"

"ምንም። ጫጫ ስደርስ ግን ይጨምራል፤ እዚያ ሚስቴ ትጠብቀኛለች።" ሚኒባሱ በሳቅ ፈረሰ። ጫጫ ላይ ሲወርዱ ሰዓታቸውን ወደ መስኮቱ አንስተው አሳዩን፤ ምን እንደሚል ማንበብ አልቻልኩም፤ እሳቸው ግን ይስቁ ነበር።

ደብረ ብርሃን ከሚኒባሱ ስወርድ ብርዱ ጆሮዬን ያዘኝ። ከተማዋን ካየኋት ቆይቼ ነበርና አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ወጣቶቹ ሰፋፊና ወፋፍራም ጃኬት ለብሰዋል፣ አብዛኛው የወተት ቀለም፤ ጫማቸው ተረከዙ ጡብ ያህላል፤ እጃቸው ላይ ባለ እጀታ ትልልቅ ኩባያ። አንዷ ባለ ሱቅ ክብ መብራት ፊቷ ላይ አብርታ፣ ሻርፕ እያገላበጠች በስልኳ በቀጥታ ትሸጣለች። ሱቋ ውስጥ አንድም ሰው የለም፤ "ተሽጧል፣ ተሽጧል" ትላለች ግን። ወይ ጉድ!

ሜሮን ቤት ትዕግስትን አገኘኋት። ዝምተኛና ረዥም ልጅ ናት። ስለካት ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ቆመች።

"እትዬ፣ ለአንድ ቀን ብለው አይልፉ። ነጭ ነጠላ አለኝ፣ እሱን ለብሼ ዳር እሆናለሁ።"

"ተይ እንጂ! ልክሽን ከወሰድኩ ወሰድኩ ነው" አልኳት። ቁራጯን ናሙና አንስታ በጣቷ ዳሰሰች፤ ከዚያ ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ መለሰቻት። ጨርቁን ሳልይዝ ብመለስ ይቺን ልጅ በምን ዓይኔ አያታለሁ?

መሬቱ የሚያልቅበት

በነጋታው ማለዳ በሃያ ብር የገብስ ቆሎ ገዝቼ ወደ አንኮበር ተሳፈርኩ። መንገዱ የገብስ ማሳ፣ የድንጋይ ካብ፣ በግና ባሕር ዛፍ ነው። ሜዳ ነው ብላችሁ ስትዘናጉ መሬቱ ያልቃል። እውነቴን ነው፣ ያልቃል! ጉሙ ከእግሬ በታች ተኝቷል፤ ጉሙ ሲገለጥ ደግሞ ተራራ ከተራራ በታች፣ ከዚያም በታች ሌላ፣ እስከ አፋር ድረስ ይወርዳል። "ኧረ የፈጣሪ ያለህ!" ብዬ ጮህኩ። ሹፌሩ ሳቀብኝ፤ "እዚህ ጋ ሁሉም እንዲህ ይላል" አለኝ። እኔ ግን አላፈርኩም፤ እንዲያውም እንድጮህ ሌላ ኩርባ በመጣ አልኩ።

ከአንኮበር ቁልቁል በፒክአፕ ነው የወረድነው። በየኩርባው አንድ ልብስ እናወልቃለን፤ መጀመሪያ ጃኬት፣ ከዚያ ሹራብ። አሊዩ አምባ ስንደርስ ደብረ ብርሃን ላይ የተንቀጠቀጠውን ሰውነቴን ላብ አጥምቆታል።

ገበያውን እንዴት ልንገራችሁ! በርበሬና ማሽላ እንደ ጥንቱ በጆንያ ተደርድሯል፤ ከጎኑ የፀሐይ መብራት፣ የስልክ ባትሪ መሙያ፣ ወይን ጠጅና ፈዛዛ አረንጓዴ ቀለም ያለው የላስቲክ ጫማ። ግመሉን የሚስብ ሰውዬ ጆሮው ውስጥ ነጭ ማዳመጫ ሰክቷል። የጨርቅ ተራ ስገባ ግን እግሬ ተተከለ። የእኔ ሸክላ! ሻሹ፣ ቀሚሱ፣ ሻርፑ ሁሉ እሱ ነው። እዚህ ስሙ "ማሽላ" ነው፤ በቀዩ ማሽላ ስም። አንዲቷን ኮረዳ "ቆንጆ ቀለም ነው" ብላት "ያለፈ ነው እኮ" አለችኝ! አዲስ አበባ ገና ሲያብድለት እዚህ አልፎበታል።

የሚገርመው ደግሞ የሚገዙት እናቶች ናቸው። ሁሉም ስልካቸውን አቁመው ጨርቁን ለስልኩ ዘርግተው ያሳያሉ። ከማዶ ያሉት ልጆቻቸው ናቸው፤ ጅዳ፣ ሪያድ፣ ዱባይ ቤት ሠራተኛ የሆኑ። "ይሄ ቀረ፣ ያንን ያዢ" ይላሉ ልጆቹ። ፋሽን ወደዚህ ገበያ የሚገባው በእኛ በኩል አይደለም ለካ፤ ባሕር ተሻግሮ በቀጥታ ነው የሚመጣው።

ሐዋን መደብሯ ላይ አገኘኋት፤ ከእኔ በዕድሜ ከፍ ያሉ፣ ዓይናቸው የሚስቅ ሴት ናቸው።

"አሰላሙ ዐለይኩም፣ እትዬ ሐዋ። ቀለም በስልክ አይታመንም አላሉኝም? ገበያው ሁሉ በስልክ ነው እኮ!"

"ጅዳ ያለችው ልጄ የምታየው እኔን ነው እንጂ ጨርቁን መሰለሽ?" አሉኝ ፈጥነው። "ቀለሙ ጥሩ ከሆነ ፊቴ ላይ ታውቀዋለች። አንቺ ግን ፊቴን መች ታውቂዋለሽ?"

ናሙናዬን አወጣሁ። እሳቸውም ፀሐይ ላይ ይዘው አዩትና ከንፈራቸውን መጠጡ። "ራሱ ነው። ግን አለቀ፣ እህቴ። በስልክ ስታወሪኝ ሁለት ቀሚስ የሚሆን ነበረኝ፤ ሰው ማልዶ መጥቶ ወሰደው።" ጆንያ ላይ ተቀመጥኩና ስለ ትዕግስት ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ ነጭ ነጠላዋም።

ከዚያ ከመደብሩ ሥር አንድ ሳጥን ሳቡ። ውስጡ ያልተሰፋ ጨርቅ ታጥፎ ተደርቧል፦ ከሥር ወይን ጠጅ፣ ከዚያ የሰናፍጭ ቢጫ፣ ከዚያ የናና አረንጓዴ። ልብስ ሰፊ ነኝና አወቅኋቸው፤ እያንዳንዱ አንድ ዓመት አገሩን ሁሉ ያሳበደ ቀለም ነው። ከላይ ማሽላው አለ።

"በእኛ ቤት ለዒድ ሁላችንም ከአንድ ጨርቅ ነው የምንለብሰው፤ ያለችም፣ የሌለችም። ይሄ የልጄ የራቢያ ድርሻ ነው። ሰውነቷ አሁን ምን እንደሚያህል አላውቅም፣ ስለዚህ አልሰፋውም። ስትመጣ ይሰፋል እላለሁ።"

"ከሄደች ቆየች?"

"ስትሄድ ታናሿ ፊደል አትለይም ነበር። አሁን እሷ ናት ስልኩን የምትከፍትልኝ።"

እጄን ሰበሰብኩ። ይሄ እንዴት ይጠየቃል? እሳቸው ግን "ባለቤቷን እንጠይቅ" ብለው ደወሉ። ራቢያ ጅዳ ካለ ወጥ ቤት በሹክሹክታ አነሳች፤ ከኋላዋ የቧንቧ ውኃ ይሰማል። እናቷ ነገሯት።

"ያንቺ ነው ልጄ፣ ተዪው" አልኩ እኔ፤ አፍሬ ነበር።

"ልጅቷ እዚያ ዘመድ የላትም?" አለች ራቢያ።

"ሙሽራዋ ብቻ ናት ያለቻት።"

"ስድስቱ አንድ ዓይነት ለብሰው እሷ ብቻዋን ከኋላ?" ውኃውን ዘጋችው። "ኧረ አይሆንም። እማ፣ ስጫት።"

"ያንቺስ?" አሉ እናቷ።

"የእኔንማ እሷ ትልበስልኝ። ሳጥን ውስጥ ከሚያረጅ።" ከዚያ ለእኔ፦ "ግን እትዬ፣ ዳር እንዳያስቆሟት።"

ሐዋ ፊታቸውን ወደ በርበሬው አዙረው "ይሄ ነገር ዓይን ያቃጥላል" አሉ። የገዙበትን ብቻ ተቀበሉኝ፤ መከራከሬ አልጠቀመኝም። ጨርቁን እንደ ሕፃን አቅፌው ያንን ሁሉ ዳገት ወጣሁ።

ሠርጉና መመለሻው

ደብረ ብርሃን ላይ በተውሶ መኪና ሰፋሁት። ወደ ውስጥ የሚታጠፈውን የስፌት ትርፍ፣ ኋላ ለሌላ ልክ እንዲለቀቅ፣ ሰፋ አድርጌ ተውኩት፤ ለማን እንደሆነ ለራሴም አልነገርኩም። እሑድ ትዕግስት ከሙሽራዋ ቀጥላ ቆመች። የማን ድርሻ እንደለበሰች ነግሬያት ነበርና ለቪዲዮ ስቀርጻት ሳልጠይቃት ቀስ ብላ አንድ ጊዜ ዞረች፤ ከዚያ ወደ ስልኩ እጅ ነሳች። ከሐዋ በተቀበልኩት ቁጥር ለራቢያ ላክሁት። ራቢያ ሥራ ላይ ነበረች መሰለኝ መልስ አልመጣም።

ሰኞ አዲስ አበባ ገባሁ። ፋሽን ከእኛ ሱቅ ተነስቶ ወደ ገጠር የሚወርድ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ አንዲት ልጅ በሰው ወጥ ቤት ቆማ፣ ልትለብሰው የማትችለውን ቀለም ለእናቷ እየመረጠች ነው ሁላችንን የምታለብሰን። ሱቄን ስከፍት ስልኬ ጮኸ፤ የራቢያ የድምፅ መልእክት ነው።

"እትዬ፣ የሚመጣው ቅቤ ቀለም ነው፤ ፈዛዛ ቢጫ። መርካቶ ሳያውቅ ቀደም ብለው ይያዙ" አለች እየሳቀች። ከዚያ ያ የቧንቧ ውኃ ብቻ ተሰማኝ። የጨረሰች መስሎኝ ላጠፋው ስል ድምፅዋ ተመለሰ።

"ለትዕግስት ይንገሩልኝ። አምሮብናል።"