የመርዶዬ ጠዋት

ያን ሰው እስከ ዛሬ አላውቀውም። ወንድ ይሁን ሴት እንኳ አላውቅም። የማውቀው ፌስቡክ ላይ በራሱ ፎቶ ፋንታ ሰይፍ የመዘዘ መልአክ ሥዕል ለጥፎ፣ ከሥዕሉ ሥር እኔ አፍ አውጥቼ የማልደግመውን ስድብ እንደሚጽፍ ነው። መልአክ ጀርባ ተሸሽጎ መሳደብ!

ንፋስ መውጫ አስተማሪ ነኝ። ጥፋቴ ደግሞ ይህ ነው፦ ፈተና ሲቃረብ ፌስቡክ ላይ፣ «ወላጆች፣ እባካችሁ ለአንድ ሳምንት እንኳ ሴት ልጆቻችሁን ውኃ ከመቅዳት አሳርፏቸው፣ ያጥኑ» ብዬ ጻፍኩ። በቃ፣ ሌላ ምንም አላልኩም። በማግስቱ ስከፍተው ኮሜንቱ ጉድ ነው። አንዱ ባል ያጣሽ ይለኛል፣ ሌላው ፎቶዬን አጉልቶ በጥርሴ ይሳለቃል። ባለ መልአኩ ግን ከሁሉም ይከፋ ነበር። ብሎክ ባደርገው በሌላ ስም ይመጣል። ከተሳዳቢዎቹ መካከል መንገድ ላይ ባርኔጣ አንስተው «እንዴት ዋልሽ መምህር» የሚሉኝ ሰዎች እንደነበሩ አልጠራጠርም፤ ይበልጥ የሚያስጠላኝም እሱ ነው።

እኔም እልኸኛ ነኝ፤ ሦስት ቀን ሙሉ መልስ ስጽፍ ሰነበትኩ። በአራተኛው ቀን ራሴን ጠላሁት። ጉንፋንም ጀምሮኝ ስለነበር ስልኩን አጥፍቼ ሣጥን ውስጥ ወረወርኩትና የፈተና ወረቀቴን ይዤ ቤቴ ተከተትኩ። ሁለት ቀን ማንም አላየኝም።

ባለ መልአኩ ዝም ማለቴን ሲያይ ፎቶዬን በጥቁር ከበበው። ሻማ አስቀመጠበት። «በመኪና አደጋ ያረፈችው መምህርት» ብሎ ለጠፈው። ሰዉ ደግሞ ተሻማበት። የአክስቴ ልጅ ሳይቀር «ነፍስ ይማር እህቴ» ብሎ ከሚያለቅሱ ፊቶች ጋር አጋራው። ቤቴ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው፤ ከዚያ ሁሉ አልቃሽ አንዱ እንኳ መጥቶ በሬን አላንኳኳም። ሻማ መለጠፍ ይቀላል አይደል!

እናቴ የምትኖረው ስማዳ ገጠር ነው። ልቧ በሽተኛ ስለሆነ ሐኪሙ ከድንጋጤ ጠብቋት ብሎናል። ወሬው መንደሯ የደረሰው በገበያ ቀን ነው። በእኛ አገር መርዶ በደረሰበት ሰዓት አይነገርም፤ ይደበቃል፣ ቄስና ሽማግሌ ይመካከራል፣ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሰዉ ተሰብስቦ ያረዳል። ስለዚህ ያን ዕለት እናቴ ከገበያ ስትመለስ ሁሉም ዓይኑን እየሰበረ ሰላም አላት። ወደ እኔ ደውለዋል፤ ስልኬ ዝግ ነው። እንግዲህ ለእነሱ ከዚህ በላይ ማስረጃ አልነበረም።

አንዲት ጓደኛ አለችኝ፤ የእናቴ ጎረቤት ናት። እስከ ስምንተኛ ክፍል አብረን ተምረን እሷ ተዳረች፤ አሁን ገበያ ላይ ጨውና ሳሙና ትሸጣለች። ስልኳ ባለ ቁልፍ የድሮው ዓይነት ነው፤ ፌስቡክ አይቶ አያውቅም። በማግስቱ ሰዉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ሲመጣ የእናቴ አጥር በር ላይ ተቀምጣ አገኛት። ከዚያ በኋላ የሆነውን የነገሩኝ ራሳቸው ሽማግሌዎቹ ናቸው።

«አንች ልጅ፣ ተነሽ እንጅ እንግባ» አሏት ቄሱ።

«አባ፣ ይፍቱኝ፣ አልነሣም። አስከሬኗን ያየ ማን ነው?»

«አገር ሁሉ የሰማውን!»

«አገር ሁሉ ሰማ እንጅ አላየ። ከመካከላችሁ ያየ ካለ ይንገረኝና እነሣለሁ።»

ጀንበሯ ወጣች። ቄሱ፣ «ልጄ፣ ከረፈደ በኋላ መርዶ ምን ወግ አለው?» ብለው ተቆጡ። አንዱ ጎረምሳ እጇን ይዞ ሊያስነሣት ሲሞክር ነከሰችው አሉ። እየነከሰች፣ እየተሰደበች፣ በሌላው እጇ የእኔን ቁጥር ትደውላለች። እናቴ ጓዳ ሆና ሁካታውን ስትሰማ፣ «ማን ነው?» ብትል፣ «ምንም የለ እትዬ፣ የአጥር ጠብ ነው» ብላ ዋሸቻት።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኬን ከፈትኩ። ወዲያው ጮኸ።

«አለሽ?» አለችኝ ጓደኛዬ።

«አለሁ። ምነው?»

ቁና ቁና ስትተነፍስ ይሰማኛል። ከዚያ ስልኩን ለቄሱ አቀበለቻቸው። እኝያ ግርማ ሞገሳም ሰው «መምህርት? መምህርት?» እያሉ ደጋግመው ጠሩኝ። ነገሩን እንደነገሩኝ ነጠላዬን አንጠልጥዬ ወደ መናኸሪያው ሮጥኩ።

ያገኘሁት ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ከሰዓት በኋላ ደረስኩ። ተሳፍሬ ሳለሁ «በሕይወት አለሁ» ብዬ ጽፌ ነበር። ባለ መልአኩ ምን ብሎ ቢመልስ ጥሩ ነው? «ቀልድ ነው፣ አታካብጅ።» ከሥሩ ስንትና ስንት ሰው ስቋል፤ ትናንት ሻማ ያበሩት ጭምር። የእናቴን ልብ አስበው የሳቁ አይመስለኝም፤ ማሰብ ራሱ መቼ አለና! እዚያው መኪና ውስጥ ፌስቡኩን አጠፋሁት፤ እጄን እንኳ ልታጠበው አሰኝቶኝ ነበር።

እናቴ ድንገት በመምጣቴ ደስ ብሏት ወዲያ ወዲህ ስትል ዋለች። ምንም አልሰማችም። አመሻሹ ላይ ጓደኛዬን ከአጥሩ ውጭ ብቻዋን አገኘኋትና አንገቷ ሥር ገባሁ።

«አንቺ ብቻ ነሽ አልሞተችም ብለሽ ያመንሽ» አልኳት።

ትንሽ ገፋ አድርጋ አየችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«ኧረ እኔም ሞተሻል ብዬ ነበር» አለችኝ። «ሌሊቱን ሳለቅስ ነው ያደርኩት። እናትሽ ከሰማች በኋላ መቼ እህል ትቀምሳለች? በሩ ላይ የተቀመጥኩት ቁርሷን እስክትበላ ብዬ ነው።»