የሩዪ ነብር

ጡረታ የወጣው የባቡር ጣቢያ ቲኬት ቆራጭ ኒንግ ዴፉ፣ በፌንግሽያንግ ከተማ፣ ከጭቃ ተሠርቶ ቀለም ስለሚቀባው የነብር አሻንጉሊት የሚያውቅ ሰው ቢፈለግ ከእሱ በላይ እንደማይገኝ ያምናል። አንዱን ብድግ አድርጎ፣ «ይሄ የድሮዎቹ ሠሪዎች እጅ ነው፣ ጢሙን ተመልከቱ» ይላል። ማንም ሳይጠይቀው ይላል።

ቤቱ ውስጥ መቶ አርባ ሦስት ነብሮች ዓይናቸውን አፍጥጠው ተደርድረዋል። ሚስቱ ላንዪንግ የገዛ ሳሎኗ ውስጥ እንግዳ ከሆነች ቆየች።

ልጃቸው ሩዪ ሴት ልጅ ወለደች። በአገሩ ልማድ ሕፃን አንድ ወር ሲሞላው የእናት ወገን አልጋውን የሚጠብቅ ነብር ይዞ መሄድ አለበት። ኒንግ ከገበያ አዲስ ሊገዛ አሰበ፤ ከመቶ አርባ ሦስቱ አንድ የሚተርፍ አላገኘማ። ሩዪ ቀድማ ደወለች።

«አባዬ፣ እንዳትገዛ። የኔን አምጣልኝ።»

«የቱን ያንቺን?»

«አያቴ የሰጠኝን ነዋ። ‹ትሰብሪዋለሽ› ብለህ የወሰድክብኝን።»

የኒንግ ስብስብ የተጀመረው በዚያ ነብር ነው። ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «እሱማ አለ፣ እንዴት ይጠፋኛል» አላት።

ጠፍቶታል። መደርደሪያው ፊት ቢቆም ቢቆም የእያንዳንዱን ሠሪ ያውቃል እንጂ የልጁን ነብር መለየት አቃተው። ቢቸግረው ሚስቱን ጠራ።

«የልጅቷ የትኛው ነው?»

«ሊቁ አንተ አይደለህ እንዴ?» አለች ላንዪንግ። «ጥርስ ስታወጣ ግራ ጆሮውን ገምጣው አልነበር?»

ኒንግ አስታወሰ። ያንን ጆሮ ራሱ በጭቃ ሞልቶ፣ ቀለም ቀብቶ፣ «አሁን ማንም አይለየውም» እያለ ለሰፈሩ ሁሉ ጉራውን ነዝቷል። እውነቱን ነበር፤ ማንም አይለየውም።

ጨርቅ አርጥቦ የነብሮቹን ግራ ጆሮ ተራ በተራ ያሽ ጀመር። እሳት ያልነካው ጭቃ ውሃ አይወድም፤ የመጀመሪያው ቀለም ሲለቅ ነብሩን ይቅርታ ጠየቀው። ሠላሳኛው ላይ ይቅርታ መጠየቁን ተወ። ሰባ ስምንተኛው ላይ ጆሮው ላይ የተለጠፈው ጭቃ ረግፎ፣ ከሥሩ የአራት ትንንሽ ጥርሶች ምልክት ብቅ አለ። ኒንግ ወለሉ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ላንዪንግ ጆሯቸው የተላጠውን ሰባ ሰባት ነብሮች አየችና ሳቋን ለመደበቅ ወደ ማድቤት ገባች።

ሕፃኗ አንድ ወር በሞላችበት የድግስ ቀን ሩዪ ለእንግዶች ቀይ የተቀቡትን እንቁላሎች ገፋ አድርጋ ነብሩን ተቀበለችው። ጣቷን የልጅነት ጥርሷ ምልክት ላይ አሳረፈች።

«አልጠገንከውም ነበር እንዴ?»

«ጠግኜው ነበር» አለ ኒንግ። ከዚያ ልማዱ አሸነፈውና፣ «ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጪው፣ እንዳትሰብረው» አላት።

ሩዪ ነብሩን ቁምሳጥኑ ላይ ሰቀለችው። ኒንግ ፊቷን አየ። ወንበር ስቦ ላዩ ላይ ወጣ፣ ነብሩን አወረደውና ከሕፃኗ ትራስ አጠገብ አስቀመጠው።

«ጥርስ ስታወጣ» አለ፣ «ቀኝ ጆሮው አለላት።»