ከቦኖው ወረፋ የሰማሁት

የበደለኝ የጥናት ክፍላችን ኃላፊ ነው። ጊዜው ዘይትና ስኳር ከቀበሌ ኅብረት ሱቅ በኩፖን የምንወስድበት የደርግ ዘመን ነበር። ስሙን አልጽፍም፤ የሚያውቁት ያውቁታል።

ሥራውን ያስተማረኝም እሱ ነው። አንዱ የጥናት ዓይነት ስንት ብሎ ይቆጥራል፣ ሌላው እንዴትና ለምን ብሎ ይጠይቃል ይለን ነበር። አጥኚ የሰማውን ሳይቀንስ ያቀርባል፣ የነገረውን ሰው ግን አይገልጥም ይል ነበር። አመንኩት።

ከመገናኛ ከፍ ብሎ ባለ አንድ ቀበሌ የኅብረት ሱቁን አገልግሎት እንዳጠና ላከኝ። ቤት ለቤት ዞሬ መጠይቅ ስሞላ የቀበሌው ሊቀመንበር ከጎኔ አልተለየም። ሁሉም ደህና ነው፣ ይደርሰናል አሉ። ቁጥሩ አማረ። አንዲት ሴት ግን ጥያቄውን እኔ እየጠየቅኋት መልሱን የምትሰጠው ለእሱ ነበር፤ ዓይኗ ከፊቱ አይነሳም።

በማግስቱ ባልዲ ይዤ ብቻዬን የቀበሌው የውኃ ቦኖ ላይ ተሰለፍኩ። ያቺው ሴት ከፊቴ ነበረች። ስኳሩ በጓሮ በር ለነጋዴ እንደሚወጣ ነገረችኝ፤ ወረፋው ላይ የነበሩትም እውነት ነው አሉ። ባሏ ታስሯል። እሷም ብትያዝ ልጆቿን የሚያይ አልነበረም።

ቁጥሩንም የቦኖውንም ወሬ ጻፍኩ፤ ስም አላነሳሁም።

ሪፖርቱን ሳቀርብ ሊቀመንበሩ ተጋብዞ ነበር።

«ጓዲት፣ ቧንቧው ነው የነገረሽ?» አለ። ስብሰባው ሳቀ።

ኃላፊዬ አልሳቀም። «ማን እንደነገረሽ ለጓድ ሊቀመንበር ንገሪ» አለኝ።

«የነገረን ሰው አይገለጥም ያሉት እርስዎ ነዎት።»

«እሱ ለትምህርት ነው።»

ዝም ብል ቦኖው ድረስ ሄደው ሴቶቹን አንድ በአንድ እንደሚጠይቁ አውቃለሁ።

«ማንም አልነገረኝም፤ ከራሴ ነው የጻፍኩት» አልኩ።

አጥኚ ስለ ራሱ ከዚህ የከፋ ነገር ሊናገር አይችልም። እንደዋሸሁ ኃላፊዬ አውቋል፤ የመስክ ማስታወሻዬን ያነብ የነበረው እሱ ነው። ሆኖም ፈጠራ ጽፋለች ብሎ ፈረመብኝና ከጥናት ሥራ አንሥቶ መዝገብ ቤት መደበኝ። ቁጥሩን ብቻ ነጥሎ በራሱ ስም አወጣው። ሴትዮዋን ማንም አልነካትም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ኃላፊዬ ሞቶ ሳሊተ ምሕረት ተቀበረ። ቤቴ ከቤተ ክርስቲያኑ ሩቅ አይደለም። ቀብሩ ላይ አልቆምኩም፤ ለቅሶም አልደረስኩም።