በኮት ኪስ የሄደው የድንጋይ ከሰል

በደርግ ዘመን ሐዋሳ ላይ ሪፖርተር ሆኜ ስሠራ፣ አንድ ሰሞን ከሰል ከገበያ ጠፋ። መሃል ከተማ በከሰል ካውያ ልብስ የሚተኩሱ አንድ አዛውንት ነበሩ። ደንበኛ ሁሉ የራሱን ከሰል ይዞ እንዲመጣ ደነገጉ። ሰዉም ከሰሉን በጋዜጣ ጠቅልሎ ልብሱ ኪስ ውስጥ ይከታል፤ እሳቸው ያወጡና ያቀጣጥሉታል።

ይህን ደንብ የማያውቅ አንድ ጂኦሎጂስት ከደቡብ ምዕራብ ጫካ መጣ። ያገኘውን የድንጋይ ከሰል ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ለባለሥልጣን ያሳያል። ባለሥልጣኑ ካላመነ ፍለጋው ይቆማል። ማስረጃው ጡጫ የምታህል አንዲት ቁራጭ ብቻ ናት።

ጠዋት ቁርስ ላይ አገኘሁትና ከሰሉ እንዴት እንደሚፈጠር ጠየቅሁት። ድሮ ረግረግ ላይ የበቀለ ተክል ውሃ ውስጥ ይወድቃል፤ አየር ስለማያገኝ በቅጡ አይበሰብስም፤ ጭቃ ይጫነዋል፤ ከዚያ ክብደትና ሙቀት በሚሊዮን ዓመታት ያጠቁረዋል አለኝ።

እዚህ ሐይቁ ዳር፣ ቡሹሎ አጠገብ ያለው ቄጤማስ ከሰል ይሆናል ወይ አልኩት። ከታገስክ ይሆናል አለኝ።

ተቆፍሮ ሲወጣ ለሲሚንቶ ፋብሪካና ለመብራት ማመንጫ እንደሚያገለግል ነገረኝና፣ ናሙናዋን ላሳይህ ብሎ እጁን ወደ ጎኑ ሰደደ። ኮት አልለበሰም። ኮቱን ማለዳ አዛውንቱ ዘንድ ለማስተኮስ ልኮታል፤ ናሙናዋም በጋዜጣ እንደተጠቀለለች ኪሱ ውስጥ ናት።

ሮጠን እሳቸው ዘንድ ስንደርስ ካውያው እንደ ባቡር ይጨሳል። አዛውንቱ ቁራጯን ለሁለት ሰብረው ግማሿን ፍም ላይ ጨምረዋታል። የማን ከሰል እንደሆነ ጠየቁን።

«የእኔ ነው፣ አባባ» አለ ጂኦሎጂስቱ።

«አታለውሃል፣ ልጄ። ከሰል ብለው ድንጋይ ሰጥተውሃል።»

ጂኦሎጂስቱ የነደደችውን ግማሽ ውሃ ውስጥ ነክሮ አጠፋት፤ ኮቱን ለበሰና ባለሥልጣኑ ወደሚጠብቅበት አዳራሽ ሮጥን።

አዳራሽ ውስጥ ሁለቱን ግማሾች ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። አንዷ ከመቃጠሏ በፊት፣ ሌላዋ ከተቃጠለች በኋላ ናት አለ። ባለሥልጣኑ የት እንደተሞከረ ጠየቀ። እዚሁ ከተማ፣ ዛሬ ጠዋት ተባለ። ምስክር ሲፈለግ ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ያየሁትን ተናገርኩ፤ ነዳለች፣ ጭሷም ብዙ ነው። ስለ ካውያ የጠየቀኝ የለም።

ባለሥልጣኑ ጎንበስ ብሎ የተቃጠለችውን አሸተተ። ቀና አለና ደግሞ የጂኦሎጂስቱን ኮት አሸተተ።

«ሙከራው ላይ ይህን ኮት ለብሰህ ነበር?»

«አልለበስኩትም፣ ጓድ። ኮቱ ግን እዚያው ነበር።»

ባለሥልጣኑ ፍለጋው ይቀጥል ብሎ ፈረመ፤ ራሱ ግን ከኮቱ ሁለት ወንበር ርቆ ተቀመጠ።